ለባለ ሰማያዊ ብርሃኑ ዳይሬክተር፣ ስለ ባለቤቴ ድምጽ

ለተከበሩና ለተሸለሙ የፊልም ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም ሌላው የማያየውን የሚያይ ዓይንዎን፣ ፈጣሪ እንዲጠብቅልን እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እርስዎ አያውቁኝም። ፀሐይ ከጠፋች በኋላ ስለሚኖሩ ሰዎች በሠሩት ፊልም ላይ፣ ልጇን በመንኮራኩር ወደ ሌላ ዓለም የምትሸኘውን እናት ሆና የተወነችው ሴት ግን ባለቤቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።

ፊልሙን እንዲህ አድርገው ስላሳመሩት ምስጋናዬ ከአንገት በላይ አይደለም። ሰማያዊው ብርሃን፣ በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ከብረት ሕንፃዎቹ ሥር የሚሳበው ጉም፣ አንዱም እንከን አይወጣለትም። በሙያዬ እንዲህ ያለ ኮት አውቃለሁ፤ ላዩ ዓይን ይስባል፣ ገበር ስለሌለው ግን የለበሰው ሰው ይበርደዋል። ከድፍረት ካልቆጠሩብኝ ቅሬታዎቼን በተራ ላስቀምጥ።

፩. ባለቤቴ የጉሮሮ ሕመም ነበረባት። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ድምጿን እንደሚወስደው ሲነግሯት፣ ቀጠሮዋን በሦስት ሳምንት አስተላልፋ የእርስዎን ትዕይንት ተጫወተች። ይህንንም በራሷ አንደበት ነግራዎት ነበር። እኔ ተይው፣ ይቅርብሽ ብዬ ለመንኳት፤ እሷ ግን ድምጼ መሄዱ ካልቀረ ለልጄ በሚቀመጥላት ቦታ ልተወው ብላ እምቢ አለችኝ።

፪. እርስዎም የሰው ድምጽ የምስሉን ድባብ ያበላሻል ብለው ንግግሯን በሙሉ አውጥተው በምትኩ የሞተር ጩኸት አስገቡበት። ከእሷ የቀረው መስታወቱን የሚነካው እጇ ብቻ ነው። እጇ በሰማያዊው ብርሃን በጣም ያምራል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፫. የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችንን ይዤ ሲኒማ ቤት ገባሁ። እናቷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስድስት ወር ሙሉ በወረቀት እየጻፈች ስታናግራት ከርማ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ ልጅቷ የመጣችው ለመስማት እንጂ ለማየት አልነበረም። መብራቱ በርቶ ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብልዎት፣ አባዬ፣ እማዬ መቼ ነው የምትናገረው ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቤ የነበሩት ያለቀስኩት ፊልሙ ልቤን ነክቶት መስሏቸው ነበርና፣ ይህም በዝናዎ ላይ ይደመርልዎ።

፬. የተቀዳውን የድምጿን ቅጂ ፍለጋ ቢሮዎ ብመላለስ፣ የድምጽ ክፍሉ ባለሙያ ለሚቀጥለው ፊልም ቦታ ስለሚያስፈልግ ያልተፈለጉት ቅጂዎች በወሩ መጨረሻ እንደሚጠፉ በትሕትና ነገረኝ። ያልተፈለጉት ነው ያለው። እሱን አልተቀየምኩትም፤ የታዘዘውን ነው የተናገረው።

ጌታዬ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ፊልምዎን አይንኩት፣ ሽልማትዎንም በጤና ያኑርልዎ። ያን ቅጂ ብቻ ሳይጠፋ ይስጡን። የተሳሳተችበት፣ ያሳላት፣ ውኃ አቀብሉኝ ያለችበት ቢሆን እንኳ ይበቃናል። እኔስ ሃያ ዓመት ሰምቻታለሁ፤ ልጄ ግን እየረሳችው ነው፣ ትናንት የእማዬ ድምጽ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን ብላኛለች።

በጥበብዎ ዓይኑ ከጠገበ፣ ጆሮው ግን ጦሙን ካደረ አክባሪዎ፣
የባለ እጇ ሴት ባል፣ ልብስ ሰፊው

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ የፊልሙ ጥልቅ ነገር የእናቲቱ ዝምታ ነው ማለትዎን ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ዝምታዋን ይህን ያህል ከወደዱት መቃብሯ ዘንድ ሞልቷል፤ መጥተው እስኪበቃዎ ያዳምጡ።