የሐሰን ብርድ ልብስ

ኅዳር 8፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም አንድ እሳት ለሁለት ቤት በቃ። የኔ ሽሮ ሲወርድ የጎረቤቴ የዘይነባ ባቄላ ተጣደ። አንዴ ሲንተከተክ አወረድኩት፣ ከነድስቱ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። ፍሙን በአመድ ሸፈንኩ። እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ በራሱ ሙቀት ይበስላል። ዘዴውን ያገኘሁት ሽፋን ከሌለው አሮጌ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ዘ. ሳቀችብኝ። አሁን ጅግጅጋ ያር ገበያ ወስዳ የምትሸጠው አምቡሎ፣ ያ ማታ ማታ በዘይትና በስኳር የሚበላው ባቄላ፣ ከኔ ካርቶን ነው የሚወጣው። ከሰሏ ተረፈላት። ለኔም ተረፈኝ።

አምፖል አላበራሁም። በሩን ከፍቼ በደጅ ብርሃን ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ብርድ። ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል። ብርድ ልብሱን ሳራግፍ አሸተትኩት። ሽንኩርት። ጭስ። የሐሰን ሽታ የለም። ባሌ በበርበራ መንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ የሚለብሰው ነበር። ካረፈ ወዲህ፣ አላህ ይርሐመው፣ ሳላጥበው ነው ያቆየሁት። ሽታውን ለከሰል ብዬ አጠፋሁት። ይህም ቁጠባ ተባለ።

የማን እንደነበረ የምታውቀው ዘ. ብቻ ናት። የቬንትሌተሩንም ነገር የምታውቀው እሷ ብቻ። በርበራ ስንኖር፣ ታሞ በተኛበት በዚያ ሙቀት፣ እንቅልፍ የወሰደው ሲመስለኝ እየተነሳሁ አጠፋው ነበር። ለመብራት ሂሳብ ብዬ። አልተኛም ነበር። ዝም ብሎ ያልበው ነበር። ለዘ. ስነግራት እጄን ይዛ አለቀሰች። እህት አገኘሁ አልኩ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

የሆነውን ልጻፍ።

ውሃ ልቀዳ ወደ ግቢው በርሜል ወጣሁ። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ዘ. ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የጥጉ ክፍል ተከራይ መኪያ አየችኝ። «እትዬ ሶፊያ፣ ድስቱ እንዴት አደረ? አቅፈሽው?» ሳቅ። ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ቢያንኮራፋም ሐሰን ነው ብላ ትችለዋለች አለች። እኔም እንደ መሳቅ አደረገኝ። ከየት ሰሙ እያልኩ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። መኪያ ግን አልበቃትም። ለድስት ሙቀት እንዲህ የምትሳሳ ለባሏ ነፋስ ነፍጋለች አሉ፣ ቬንትሌተር እያጠፋች፣ አለች።

ሳቁ ቆመ። ዘ. አልዞረችም። ጠብታ የማይወጣውን ሻሽ ደጋግማ ትጨምቃለች።

ባዶ ባልዲዬን ይዤ ተመለስኩ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዘ. እንደ ወትሮው ድስቷን ይዛ መጣች። ቀልድ ነው እኮ፣ መኪያን አታውቂያትም እንዴ አለች። መኪያ ከማን ሰማች ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትዋሻለች፤ ውሸቷን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።

ባቄላውን ጠቀለልኩላት። ለምን? ልጆቿ እንዳይራቡ ልል ነበር። አይደለም፣ ራሴን አላሞግስም። ለብቻዬ እሳት ማንደድ ፈርቼ ነው። የከሰሉ ጆንያ ለአንድ ሰው ምድጃ ቶሎ ያልቃል። ከዚያም በኋላ በዚህ በር ማን ይገባል?

ቀኑን ሙሉ ካርቶኑን ሳይ ዋልኩ። የሷ ገበያ በሐሰን ልብስ ውስጥ እየሞቀ። ሲመሽ መጥታ ወሰደችው። ሹክረን አለችኝ። እኔም፣ እኔው ራሴ፣ ምንም አይደል አልኳት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ አመሻሽ ላይ

ብርድ ልብሱን አጠብኩት። በርሜሉ ጋ፣ መኪያ አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ። ማንም አልሳቀም። እያሻሸሁ ሐሰንን አፉ በለኝ አልኩት፣ ድምፅ ሳላወጣ።

ዘ. ድስቷን ታቅፋ ስትመጣ ገመዱ ላይ አየችው። ቆመች። መቼ ይደርቃል አለችኝ። ሲደርቅ የምለብሰው እኔ ነኝ አልኳት። ድስቷን አየች፣ እኔን አየች። «እኔ እኮ ለአንዷ ብቻ ነው የነገርኩት፣ ሶፊያዬ።»

ማንደጃሽን አምጪ አልኳት። አመጣች። ፍሙን በመቆንጠጫ ለሁለት ከፈልኩ፣ የሚበልጠውን ለሷ። ባቄላ ጊዜ ይፈልጋል። ይዛ ሄደች፤ ጭሱ ተከትሏት።

ጆንያው ወር አይደርስም። አይድረስ። ብርድ ልብሱ ከገመዱ ወርዷል፣ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። ከዛሬ ጀምሮ እለብሰዋለሁ። የኔም ምግብ እንደ ሰው ሁሉ ምግብ እሳት ላይ ይብሰል።