እማዬ ያረረውን ድስት ስታጥብ

ውድ ወንድሜ፣ ውድ ኮኮ፣

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ዝናቡ እስኪያልፍ ያማታል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። «ለበዓሉ ወደ ቤት መምጣቴ ነው» ብለህ የላክኸው መልእክት ደረሰን። እማዬ በደስታ ቀኑን ሙሉ ሽር ጉድ ስትል ዋለች። እኔ ግን መልእክቱን ከሰማሁ ወዲህ ይህን ደብዳቤ በልቤ ስጽፍ ሰነበትኩ። ነገ አንተ ወዳለህባት ከተማ፣ ወደ ሜ ሶት የሚሻገር የማምነው ሰው አለ። እሱ ሳይሄድ፣ አንተ ከእስር ከተለቀቅህ በኋላ የሆነውንና ከዚያም በፊት ያልነገርኩህን መጻፍ አለብኝ። ቤት ሳትመጣ ድንበሩን ስለተሻገርህ ተቀምጠን ለማውራት አልታደልንም።

የሳንሱር መርማሪዎቹ የሥዕል ኤግዚቢሽንህ ሊከፈት ሲል የመጡ ዕለት ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ሥዕሎችህን አንድ በአንድ እያዩ ጀርባቸው ላይ ማኅተም ሲመቱ፣ አለፍን ብዬ ነበር። እዚያ ሥዕል ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጥቁር ድስት ውስጥ ከታ ትፈትጋለች። ከኋላዋ መንገዱ ባዶ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለህ አንዱ፣ ጥርስ የሚያቀላውን የኩን ቅጠል እያኘከ።

«ድስት» አልከው።

«ድስቱንማ አየነው። ምን ማለት ነው?»

«እዩታ!»

ኮኮ፣ ያን ጊዜ በጣም ተናድጄብህ ነበር። «የእናቴ ድስት ነው ጌታዬ» ብትል ምን ነበረበት? እኔ እኮ ገና ከበር ሳየው አውቄዋለሁ። ልጆች ሳለን፣ በነሐሴው ግርግር ጊዜ፣ እማዬ ለሰልፍ ለወጡት ተማሪዎች ሩዝ የቀቀለችበት ድስት ነው። ተኩሱ ሲጀመር እኛን አልጋ ሥር ከታ ራሷ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ሩዙን ሊበላ የመጣ ሰው የለም። እሳቱንም ያወረደው የለም። በማግስቱ ዝናብ ውስጥ ተቀምጣ ያንን ያረረ ድስት በአመድና በኮኮናት ቃጫ ስትፈትግ ዋለች። ማንም የማያውቀውን የቤታችንን ነገር ግድግዳ ላይ ስትሰቅለው አንዴ እንኳ ሳትነግረኝ!

በዚያ ሥዕል ምክንያት አንተን ይዘው በወሰዱ በሳምንቱ እኔን ጠሩኝ። የመረመረኝ ሰው ኡ ካውንግ ሳን ይባላል፤ አንተም ሳታየው አትቀርም። ረጋ ያለ፣ መነጽሩን በደንብ ልብሱ እጅጌ የሚጠርግ ሰው ነው። ሥዕሉ ከኋላው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሥነ ጽሑፍ ታስተምሪያለሽ አሉ፣ መምህርት።»

«አዎ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አግዢን። እኛ ተቸግረናል። አንዱ ባለሙያ ‹ድስቱ አገሪቱ ናት፣ ያሳረራትም መንግሥት ነው› ብሎ ጻፈ። ሌላው ‹ሴትዮዋ ፊቷን ያዞረችው እኛን ላለማየት ነው› አለ። ሦስተኛው ‹ድስት ነው› ብሎ ጽፎ ሰነፍ ተባለ።» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ወንድምሽ ግን ትርጉሙን ነግሮናል። አሁን አንቺ ንገሪን። የሁለታችሁ ቃል ከገጠመ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ካልገጠመ ምን እንደሚሆን አልነገረኝም። ምን ብለህ ይሆን? እውነቱን ብትናገር እኔ ብዋሽ፣ ጠፋን። አንተ ብትዋሽ ደግሞ ከስንቱ ውሸት የትኛውን መርጠህ ይሆን? ከልጅነትህ ጀምሮ ያልካቸውን ነገሮች ሁሉ በአእምሮዬ አገላበጥኩ። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ ግን የአንተ ሳይሆን የእማዬ ውሸት ነው። ድስቱን ስትፈትግ የዋለች ቀን የሰፈሩ ሊቀመንበር ጥላውን ይዞ መጥቶ አፈጠጠባት፤ እኔና አንተ ደጃፉ ላይ ቆመን እንሰማ ነበር። «የምን ድስት ነው?» ሲላት «የድግስ ሩዝ፣ ታማኔ ሠርተን አርሮብን ነው» አለችው።

ስለዚህ እኔም አልኩ፦ «የታማኔ ድስት ነው፣ ጌታዬ። ሩዙን ከሰሊጥና ከለውዝ ጋር ጎረምሶቹ ተሰብስበው ያማስላሉ፤ ድስቱን ማጠብ ግን ለሴቶች ይቀራል። ወንድሜ የእናታችንን ድካም ነው የሣለው።»

«መንገዱ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ዝናብ ነዋ።»

መነጽሩን አደረገና ወደ ሥዕሉ ዞረ። «ታማኔ የሚሠራው በየካቲት በዓል ነው። በየካቲት ዝናብ የት አለ?»

ሊቀመንበሩም ያኔ እማዬን ያፋጠጣት በዚሁ ነበር። እሷ የመለሰችለትን መለስኩ፦ «ድሃ ወር አይመርጥም ጌታዬ። የሚጣበቅ ሩዝ ባገኘ ቀን ይሠራል።»

ጣሪያው ላይ ማራገቢያው እየተንቋቋ ይዞራል። መዝገቡን ዘጋና «ወንድምሽ ምን እንዳለ ልንገርሽ?» አለኝ። «‹እህቴን ጠይቋት› ነው ያለው። ሌላ ቃል አልወጣውም።»

ለካ የሚገጥም ቃል አልነበረም! ሕይወትህን በሙሉ አፌ ላይ ጥለኸው ነበር። ይህን ስሰማ ላቅፍህም፣ በጥፊ ላጠናግርህም አማረኝ።

እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ዘቡ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሩዙን የበላው ሰው ነበር?» አለኝ።

«የቱን ሩዝ፣ ጌታዬ?»

ትንሽ አየኝና «ተይው፣ ሂጂ» አለ።

አንተን በማግስቱ ለቀቁህ። እኔ ግን ያን ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። ወጥመድ ነበር? ካወቀ ለምን ለቀቀን? ሞተር ብስክሌት ደጃችን ላይ በቆመ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

ባለፈው እሑድ ኡ ካውንግ ሳን ራሱ መጣ። የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ተራ ሽርጥ ለብሶ፣ ጥላውን ይዞ፣ ብቻውን። የከፈተችለት እማዬ ናት። እኔ በጎን ባለው ክፍል የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ድምፁን ሰማሁና በጀርባው በኩል ወጣሁ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አላት። «ታናሽ ወንድሜ በነሐሴው ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር በዚህ መንገድ ነበር። ያን ጠዋት ተጣልተን ሳይበላ ነው ከቤት የወጣው፤ አልተመለሰም። ለልጆቹ የቀቀለች ሴት ነበረች ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀምሶ ይሆን?»

ለሰውዬው «ታማኔ ነው» ማለቴን እማዬ አላወቀችም፤ እኔ አልነገርኳትም ነበር። ከበስተኋላው ቆሜ በዓይኔ ብለምናት፣ ራሴን ብነቀንቅላት፣ አላየችኝም። እሱን ብቻ ነበር የምታየው።

«ማንም አልመጣም፣ ልጄ» አለችው። «እስኪያር ድረስ ጠብቄያቸው ነበር።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ጥላውን ግድግዳው ላይ ሊያስደግፍ ሞክሮ ሁለቴ ወደቀበት። እማዬ አስቀምጣ ሩዝና የዓሣ ወጥ አቀረበችለት። ቀና ሳይል በላ። ሲነሳ ወደ እኔ ዞረና «ወንድምሽ እንዳይመጣ» አለ። «ስሙ ድንበሩ ኬላ ላይ ከሚያዙት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሥዕሉም እንዲቃጠል ታዟል።» ቃጠሎው ይፈጸም አይፈጸም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እማዬ «ያ ሰው አይዋሽም» ትላለች። እኔ እንጃ። ምናልባት ሐዘኑ እውነት ነው። ምናልባት ደግሞ ከእማዬ አፍ የፈለገውን ሰምቶ ሄደ፤ አሁን ሁሉን ያውቃል። ሌሊቱን ሙሉ ፊቱን እያስታወስኩ ስፈታው አድራለሁ። ሥዕልህን መተርጎም ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ አትምጣ፣ ኮኮ። ሰውዬው ደግ ቢሆንም አትምጣ፤ ክፉ ቢሆንም አትምጣ። አትምጣ ብዬ ብሳሳት፣ የምናጣው አንድ በዓል ነው። ና ብዬ ብሳሳት ግን እማዬ ዳግመኛ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ያንን ደግሜ ማየት አልችልም። ሰማዩ ሲጠራ፣ ጉልበቷ ሲሻላት፣ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ።

እህትህ
ሱ ሚያት