አንድ ቤት፣ አንድ እጅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከቀኑ 9 ሰዓት

ፓስቲው አለቀ፣ ሻይ ቤቱን ዘጋሁ፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት። ሰፈራችን ስንታጠፍ ድንኳን አየሁ። የእድራችን ድንኳን። እኛ በር ላይ!

ደብተሬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየጮኽኩ ገባሁ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የቡላ ገንፎ ትበላለች። ማንኪያው አፏ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማን ሞተ? አለችኝ በከምባትኛ።

አንቺ ነሽ ልበላት?

ነገሩ ሲጣራ፦ እማዬ ለሕክምና ከአንጋጫ መጥታ እኛ ጋ ናት። ትናንት ብሶባት ሐኪም ቤት ወስደን መለስናት። ይህን የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ላምቤቦ ይሰማሉ። ጠዋት ይነሳሉ፣ በቃ ሞታለች ብለው ድንኳን ያስተክላሉ። ሳይጠይቁ። በሩን እንኳ ሳያንኳኩ። ስንት ዓመት ስንቱን ሲቀብሩ አንዴ ተሳስተው የማያውቁ ሰው!

ባሌ ማርቆስ ከት/ቤት ሲመጣ ጉድ ፈላ። ስፖርት አስተማሪ ነው፣ ድምፁ ሰፈር ያዳርሳል። ጋሽ ላምቤቦ ምሰሶውን እንደያዙ ቆመዋል። አሁን እናፈርሰዋለን፣ አሁን ይላሉ። አሳዘኑኝ። ወዲያው ደግሞ ልደበድባቸው አማረኝ። እማዬ ግን ሳቀች። ዝናብ እየመጣ ነው፣ እስኪያባራ ይቆይ፣ ጥሩ ድንኳን ነው አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ማርቆስ ለእድር ሰብሳቢነት ሊወዳደር ነው። በሰው እናት ቀልድ የለም፣ ጋሽ ላምቤቦ በቃቸው ይላል። ምርጫው የፊታችን እሁድ ሳይሆን የሚቀጥለው።

የቸርች ጓደኞቹ ሳሎኑን ሞልተውታል። አዲስ ድንኳን እገዛለሁ ይላል። ለአባል ሁሉ የቀብር ጥሪ በስልክ መልእክት። ከሁሉም ከሁሉም፣ ሟችን እስከ ትውልድ ቦታው የሚያደርስ መኪና። ሲናገር ያምርበታል፣ ምን ላድርግ። እኔም ማጨብጨብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ሻይ ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ጣሪያው ያፈሳል። ከተጋባን ጀምሮ ለመስቀል ይጠገናል፣ ለገና ይጠገናል ይለኛል። ድስቱን ወዲያ ሳደርገው ጠብታው ተከትሎኝ ይመጣል።

ውሸታም አይደለም እኮ። ሲናገረው ይታየዋል። ለእኔም ያሳየኛል። ያገባሁትም ለዚሁ ነው፤ ያኔ ከአፉ ሌላ ምን ነበረው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እማዬ ምግብ እንቢ አለች። ስሞት አንጋጫ፣ አባትሽ ጎን አለችኝ። ተቆጣኋት። ዝም በይ እስቲ አልኳት። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

የማይቀር ከሆነ እማዬን እዚያ የሚያደርስልኝ ማነው? የምርጫው ወሬ ለእኔ ይኸው ነው። ሌላው ሌላውን ያስብ።

አባዬ አንጋጫ ሲሞት መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ የእድራችን ሰዎች የያዙት መኪና ጭቃ ውስጥ ቀረ። የእድሩ ደንብ ከከተማ ውጭ ሂዱ አይላቸውም። ጋሽ ላምቤቦ ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻቸው ላይ አድርገው በእግር ገቡ። ማርቆስ ሌላ መኪና አመጣለሁ ብሎ ነበር። አመጣም። ከቀብር በኋላ።

ተወሰነ። ጋሽ ላምቤቦ።

ከራት በኋላ፦ አልተወሰነም። እናቴ ላይ በቁሟ ድንኳን የጣሉትን ሰውዬ?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሻይ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ። የእድራችን ሰዎች ናቸው፣ ትኬት ቆራጩና አንድ ወዛደር። ትኬት ቆራጩ ሰው የሚታወቀው በሠራው ነው ይላል፤ ያልሠራውንማ ማንም ያወራዋል። ወዛደሩ ደግሞ፣ ጋሽ ላምቤቦ የቀበሯቸው እኮ ተቀብረዋል፣ እኛ ገና ነን! ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እማዬ ትዝ አለችኝና ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዴት ሁለቱም ልክ ይሆናሉ?

የእድሩ ጸሐፊ ከድር፣ ያ ከጎናችን ሱቅ ያለው፣ ሲወጣ ጠጋ አለኝ። ደንቡን ታውቂያለሽ አይደል? ድምፅ ሲሰጥ ተወዳዳሪዎቹ ውጭ ይወጣሉ። አንድ ቤት፣ አንድ እጅ። የእናንተን ቤት እጅ የምታወጪው አንቺ ነሽ አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት!

ወይ ጣጣ! በልቤ ብቻ የምመርጥ መስሎኝ ነበር። ማርቆስን ማታ ሳጫውተው ደንቡ ትዝም አላለው። ወይ ደግሞ እጄን እንደራሱ እጅ ቆጥሮታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሙዝ ይዤ ጋሽ ላምቤቦን ልጠይቅ ሄድኩ። ልጠይቅ? ልሰልል! እውነቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር።

እናትሽ እንዴት ናት አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። ጥቂት ቆይተው፣ እናትሽ እንዴት ናት? ሚስታቸው እትዬ አበበች ቶሎ ብለው ስለ ዝናቡ ወሬ ጀመሩ። ስወጣ ግን ጋሽ ላምቤቦ በሩ ድረስ ሸኙኝ። ስለ ድንኳኑ ይቅር በይኝ አሉ፣ እንባ ዓይናቸው ሞልቶ። እርጅና ነው፣ ማን ይቀርለታል። እንዲህ እያልኩ ቤት ደረስኩ። ያየሁትን አላየሁም ለማለት ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጉድ ስሚ። ማርቆስ ወጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው! ቆርቆሮ፣ መዶሻ፣ ምስማር፣ ሁሉንም ይዞ። ለምርጫው ነው ወይስ ለእኔ? ነገ ምርጫ ሆኖ ዛሬ የተሠራ ሥራ ከየትኛው ይቆጠራል፣ ካለፈው ነው ከሚመጣው? ከላይ ሆኖ ሲስቅልኝ ግን ልቤ ቅልጥ አለ። በቃ፣ ለባሌ ነው የማወጣው፣ ምን ያንገበግበኛል።

ግማሹን ሲጨርስ ጓደኞቹ ጠሩት። ወረደ። መሰላሉ እዚያው ቆሟል።

እሁድ፣ ግንቦት 17። ከቀኑ 10 ሰዓት

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ይቅር በዪው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማርቆስ ተናገረ። የመኪናው ጉዳይ ላይ ሲደርስ እማዬን ምሳሌ አደረጋት። የባለቤቴን እናት አስከሬን አንጋጫ ድረስ በክብር የሚያደርስ መኪና፣ አለ። ተጨበጨበ። አስከሬን! ሴትዮዋ ቤት ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። አንዱ በድንኳን፣ አንዱ በንግግር፣ ሁለቱም እናቴን በቁሟ ቀበሩብኝ። ደሜ ፈላ።

ሁለቱ ወደ ውጭ ወጡ። ከድር መጀመሪያ የማርቆስን ስም ጠራ። እጆች ወጡ። እትዬ አበበችም አወጡ! የገዛ ባላቸውን ትተው! አዳራሹ አጉረመረመ። ተሳስተው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጄ ጭኔ ላይ ነው። ከድር ጠበቀኝ። እጄ አልተነሳም። ጋሽ ላምቤቦ ሲባል ወጣ። እኔን ሳያማክር ወጣ። በአንድ እጅ አለፉ። በእኔ።

ተጠርተው ገቡ። ማርቆስ ፈገግ ብሎ ሽማግሌውን አቀፋቸው፤ ማን እንደጣለው ገና አልነገሩትም። ጋሽ ላምቤቦ ግራ ገብቷቸው ሚስታቸውን በዓይን ይፈልጋሉ። እትዬ አበበች ክንዴን ይዘው ጥግ ወሰዱኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት እኮ ድሮ የተቀበረ ሰው ሊቀብሩ ጫማቸውን ያደርጋሉ፣ በስንት ልመና ነው የምመልሳቸው አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያርፉልኛል ብዬ ነበር፣ አሉ።

እኔ ደግሞ ክብራቸውን የመለስኩላቸው መስሎኝ!

11 ሰዓት

ማርቆስ አልመጣም። እማዬ ማን ተመረጠ ትለኛለች። አልሰማሁም አልኳት። መዋሸትም አልችልበትም፣ ገብቷታል።

ወሰንኩ። ከሰው አፍ ከሚሰማው እኔው እነግረዋለሁ። ከዚያ እለምነዋለሁ፦ ያልከውን ሁሉ ከነገ ጀምረህ ሥራው። ከጋሽ ላምቤቦ ጎን ቆመህ፣ በእሳቸው ስም፣ ሰብሳቢ ሳትባል። ሰውዬው ይረፉ፣ እማዬም ሰው ይኑራት። እሺ ይለኛል? ጥላኝ ደግሞ ታዘኛለች አይልም? እኔ ብሆን እል ነበር።

በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ለባልነት ዛሬም ደግሜ እመርጠዋለሁ። ይህን መጀመሪያ ልንገረው ወይስ መጨረሻ? መጀመሪያ ብነግረው አያምነኝም፤ ለመጨረሻ ባቆየው ደግሞ ሳይሰማኝ ጥሎኝ ይወጣል። ልክፈትለት።