የማኅበሩ ጠላ

እማዬ፣ እናት ዓለሜ፤

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። ተዝካርሽን አውጥተናል። ቤቱ ውስጥ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም፤ ጣራው ታደሰ፣ በጎችሽን ወንድሜ ወሰዳቸው፣ አልጋሽ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ብርዱ ያው የመንዝ ብርድ ነው።

መሐል ሜዳ፣ የምሠራበት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ የተመረጥኩ ጊዜ ያደረግሽውን አልረሳሁትም። «ማኅበር ገባሁ» ስልሽ የጽዋ ማኅበር መስሎሽ፣ ተራዬ ሲደርስ እንዳላፍር ብለሽ ጌሾ ወቅጠሽ ጠላ ጠመቅሽ። ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት የምንከራከርበት ነው ብዬ ሳስረዳሽ ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ነበር። አንቺም ሳቅሽ። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው።

ለካስ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ከኮሚቴው ሴት እኔ ብቻ ነኝ። የሴቶች ተጠሪ ይሉኛል፤ ሥራዬ ግን መስተንግዶ ነው። ክርክሩ ሲጋጋል ሊቀ መንበሩ በትሕትና «እህታችን፣ እስቲ ሻይ ቢጤ ብታቀማምሽን» ይለኛል። እምቢ ማለት ነውር ይመስለኝና እነሣለሁ።

ባለፈው ሻይ ይዤ ስመለስ የፀሐይ ጉዳይ አልቆ ጠበቀኝ። ፀሐይን ታውቂያታለሽ፣ አጠገቤ ሱፍ የምትፈትለው። ከወሊድ ስትመለስ ቦታሽ ተይዟል ተባለች። ማኅበሩ ይከራከርላት ብዬ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። በማግስቱ «ጉዳዩ እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ተለጠፈ። ሙሉ ድምፅ ከተባለ የእኔም አለበት። አሁን ፈታዮቹ ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉኛል። ፀሐይ ልጇን አዝላ በፋብሪካው በር ስታልፍ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ልልቀቅ እላለሁ፤ ከለቀቅኩ «ሴት ብንመርጥ አልቻለችም» ይባልና ወንበሩ ለወንድ ይሄዳል። ልቆይ እላለሁ፤ በቆየሁ ቁጥር ዝምታዬን እንደ ድጋፍ ድምፅ ይቆጥሩታል። መውጣቱም መቆየቱም ጨንቆኛል፣ እማዬ። ብትኖሪ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እነግርሽ ነበር። መላ ባይኖርሽ እንኳ «ወይ ልጄን» ትዪኝ ነበር። እሱ ናፍቆኛል።

የፀሐይን ጉዳይ እንደገና አጀንዳ አስይዤዋለሁ፤ ነገ በስብሰባው ይታያል። ሻይ ቢሉኝም ከወንበሬ አልነቃነቅም። እንደምሸነፍ አውቃለሁ፤ ከእኔ ሌላ እጁን የሚያወጣላት የለም። አንቺን በጸሎቴም በሥራዬም ሳላስታውስሽ አልውልም። ነገም ስምሽን ጠርቼ እገባለሁ፣ ብቻዬን እጄን አወጣለሁ። ፀሐይ ላትመለስ ትችላለች፤ በሙሉ ድምፅ ግን አይባልም።

ልጅሽ