አባትሽ የሚያዳምጣት መኪና

የልቤ ልጅ፣ ከአጠገብሽ ደግ ሰው አይጥፋ፤ መንገድሽን እንቅፋት አያግኘው። እኛ ደህና ነን፣ ይሄ ደህና ከተባለ።

አባትሽ ከአልጋ መውረድ ካቃተው ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍቼለት ወርጄ መኪናዋን አስነሳለሁ። እሱ ተኝቶ ያዳምጣል። «አንዱ ካንዴላ አይሠራም» ይላል። «ቀበቶው ላልቷል፣ ሲያፏጭ አትሰሚም?» እኔ ምኑን እሰማዋለሁ! ግን መካኒኩ ከፍቶ ሲያየው ልክ እሱ ያለው ነው። ያን ቀን ደስ ብሎት ይበላል።

ሰሞኑን መኪናዋ አልነሳ አለች። ባትሪ ነው ብለን ቀየርን፤ ወይ ፍንክች። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ሲከፍት ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። «ሞተሩ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፣ እትዬ። ለእሷ ዕቃ ከእንግዲህ ከየት ይመጣል? ይተዉአት» አለኝ። ሐኪሙም ስለ አባትሽ የነገረኝ እንዲሁ ነው፤ ዓይኔን ሳያይ።

ለአባትሽ አልነገርኩትም። «ዛሬም አታስነሻትም?» ሲለኝ «ጎረቤት እንዳንረብሽ» እላለሁ። ምግቡን እንደቀረበ ይመልሰዋል። ስትደውዪ እንዳታለቅሺበት አደራ።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ በደህና ያገናኘን። አንድ ነገር ልለምንሽ። የሄድሽ ዕለት አባትሽ ሊሸኝሽ ሲያስነሳት በስልክሽ ቀርፀሻት ነበር። እሱን ላኪልኝ፤ ወርጄ መስኮቱ ሥር ሆኜ አሰማዋለሁ። ያኔ ምንም አልነበረባትም። አንድ ጠዋት እንኳ «ተሽሏታል» ብሎ ይተኛ።

እናትሽ