ከአርባ ሁለት አንድ

ናቩኒዋይ መንደር
ቅዳሜ፣ ኦገስት 17 ቀን 2019

ለውድ ባለቤቴ ለአፖሮሳ፣

እንዴት ከረምክ? የባሕር ማዶው፣ የሚልዱራ የወይን እርሻ ብርድ ጉልበትህን አልነካውም? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ካሳቫው ደርሷል፤ ዶሮዎቹ ሦስት ቀርተዋል። ነገሩን ከአጎትህ ከኦሴአ አፍ ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። በዕጣ ደርሶን የነበረውን የኮረብታውን ቤት አጥተነዋል። ያሳጣሁህ እኔ ነኝ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

መንግሥት ከባሕሩ ሊያርቀን ኮረብታው ላይ ከሚሠራልን አሥር ቤቶች አራቱ አለቁ። የቀሩት መቼ እንደሚያልቁ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አጎትህ፣ የመንደሩ ሹም ናቸውና፣ በጁላይ መጨረሻ ዕጣ አወጡ። አሥር አባወራ ነን፤ አምስታችን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ አምስቱ በባሕሩ በኩል። አራቱም ዕጣ በእኛ በኩል ላሉት ወጣ። የእኛ ስም ሦስተኛ ተጠራ። እልል ብዬ ነበር፤ አልዋሽህም።

ደስታዬ ሊቲያን እስካያት ነበር። ታውቃታለህ፣ ባሏን ባሕር የበላባት፤ ማዕበሉ በሞላ ቁጥር ሩዟን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅላ፣ ውሃው ከወለሉ እስኪወጣ አልጋ ላይ ቁጭ የምትል። ያን ቀን ዕጣው እንዳለቀ ምንጣፏን ጠቅልላ ሄደች።

«በአርባ ዓመትሽ ምን ፊደል ያስቆጥርሻል?» ያልከኝ የቅዳሜ ትምህርት አለ አይደል? አልተውኩትም። በዚያው ሳምንት መምህርታችን ሻርዳ ስለ ዕጣ እያስተማሩን ነበር። «አንድ ዕጣ ከወጣ በኋላ የቀረው እንደ ቅድሙ አይደለም፤ እንደገና ቁጠሩ» ይላሉ። ቤቴ ገብቼ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ከእኛ በኩል የመሆን ዕድሉ ከአሥር አምስት። እሱ ከወጣ፣ ሁለተኛው ከዘጠኝ አራት። ከዚያ ከስምንት ሦስት፣ ከሰባት ሁለት። አባዝቼ ሳቃልለው ከአርባ ሁለት አንድ ሆነ። ራሴን አላመንኩም። አሥሩን ስም ይዤ፣ አራት አራት ሆነው ሊወጡ የሚችሉበትን ሁሉ አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሁለት መቶ አሥር ሆነ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አራቱም ከእኛ በኩል የሆኑት አምስት ብቻ ናቸው። ያው ከአርባ ሁለት አንድ።

ደብተሬን ይዤ መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። «ሰውየው ሌባ ናቸው ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እንዳትይ» አሉኝ። «ያገኘሽው፣ ዕጣው በደንብ ተደባልቆ ከሆነ ይህ የሚወጣበትን ዕድል ነው። ይህ ስለወጣ ሰውየው አጭበርብረዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ያምታታ ዳኛ ብዙ ንጹሕ ሰው ያስራል።»

ያኔ ያየሁት ትዝ አለኝ። አጎትህ መጀመሪያ በባሕሩ በኩል ያሉትን ስሞች ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ፤ ከላይ የእኛን። ሳያናውጡ እጃቸውን ሰደዱ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በስብሰባው ላይ የያንጎናው ሥር ተበጥብጦ በቅል እየተጠጣ ሳለ፣ ተነሣሁ። ምራት በአማቶቿ ፊት ድምጿን እንደማታሰማ አውቃለሁ።

«ዕጣው ይደገም» አልኩ።

አጎትህ ቅላቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ስም ወጥቶ የለም እንዴ?»

«ወጥቷል፣ አጎቴ። የእኔም ተመልሶ ይግባና ይደገም።»

«ሌባ ልትዪኝ ነው?»

«አላልኩም። ከረጢቱ ተናውጦ ቢሆን፣ ይህ ከአርባ ሁለት ጊዜ አንዴ የሚሆን ነገር ነው። እርስዎ ሌባ መሆን አለመሆንዎን የሚያወጣ ሒሳብ ግን ገና አልተማርኩም።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። የአክስትህ ልጅ ሴሩ «ደብተር አሳብዷታል» አለ። ደብተሩን ጭኑ ላይ ጣልኩለት። «ሁለት መቶ አሥሩም እዚያ አለ። የጎደለ ካገኘህ ቤቱን አንተ ውሰደው።» ገልጦ ገልጦ መለሰልኝ።

«ሰው ምራት ያመጣል፤ እኛ ዳኛ አመጣን» አሉ አጎትህ። መጋቢው ግን «ማደባለቅ ምን ይጎዳል?» ሲሉ እጃቸውን አወናጭፈው «ይደገም» አሉ።

ሁሉም የየራሱን ስም ጽፎ አጠፈ። የክሊኒኳ ነርስ፣ የሌላ ደሴት ልጅ ናትና፣ ትልቁ ድስት ውስጥ ከታ በማማሰያ አማሰለችው። መጀመሪያ የወጣው የአጎትህ ስም ነው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሦስቱ ከባሕሩ በኩል። የእኛ አልወጣም። የሊቲያም አልወጣም።

ስንመለስ «ከፋሽ?» አልኳት።

«ዛሬ የጣለኝ ዕጣ ነው» አለችኝ። «ያኔ ሰው የጣለኝ መስሎኝ ነበር። ዕጣን እችለዋለሁ።»

ዘመዶችህ አያናግሩኝም። በጸሎት ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። እኔ ግን ጮክ ብዬ እዘምራለሁ። በኖቬምበር ለፈተና እቀመጣለሁ፤ ካለፍኩ በትምህርት ቤቱ ረዳት አስተማሪ እሆናለሁ። ፈቃድህን እየጠየቅሁህ አይደለም፤ እየነገርኩህ ነው።

በሴፕቴምበር ትልቁ ማዕበል ስለሚመጣ ሊቲያ እዚያ ታች እንድታድር አልፈለግሁም። ትናንት አልጋዋን አምጥተን እኔ ዘንድ አስገባኋት፤ አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል። ልብሶችህን አጥቤ፣ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ስልክህ መነሣት ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። ሰው የሚለውን አልሰማም። የምትመጣ ከሆነ ግን አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ ቦታ ማስለቀቅ አለብኝ።

ቀኑን ሙሉ ከወይን ቅርንጫፍ ጋር የሚታገሉ እጆችህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ያለህበትንም ቤት ይባርክ፤ የማንም ይሁን የማን።

ቪኒያና