የወንድሜ የጸዳ በረት

ውድ ኢንጋ፣

የወንድሜ የቨርነን ልጅ ሲግሪድ እዚህ ዊስኮንሲን፣ በገዛ አባቷ የላም በረት ውስጥ ተዳረች። ሙሽራው በቦት ጫማ፣ እኛ ድርቆሽ ላይ ተቀምጠን ቋሊማና ቢራ! «የኢንጋ በረት መቼ እንዲህ ይጸዳል?» እያልኩ በሆዴ ሳማሽ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ሲል ቨርነን ከጭፈራው መሃል ወጣ፤ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ጠቀለለ።

«ወዴት ነው አንተ?» አለችው ሚስቱ።

«ማለቢያቸው ደረሰ እኮ።»

«የቶቹን ላሞች? ባለፈው ወር ሸጠሃቸው የለ እንዴ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሊስቅ ሞከረና፣ እጅጌውን እንደጠቀለለ ባዶው ጋጥ ፊት ቆሞ ቀረ። ሲግሪድ ቬሏን ሰብስባ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ኤልመርን ሳሚልኝ። ላሞቻችሁን ልሽጥ ያለሽ ቀን ግን ይችን አንብቢለት።

ማርታ